ዘሪሁንን ማክበር የጀመርን ሰሞን

እኛ ሰዎች በትንሹ ችግር እንጮኻለን፤ ትልቁን እናንሾካሹካለን። መብራት ጠፋ ብሎ ሰፈሩን የሚያናውጥ ሰው የኩላሊቱን ሕመም ለሚስቱም አይነግራትም። እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ አትካዱኝ።

እኛ ሦስት ነን። ከሥራ መልስ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። ዘሪሁን የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ሸምሱ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ አዘዋውራለሁ። ስብሰባችንን «ግምገማ» እንለዋለን፤ በመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ላይ የሚተሳሰረው አፋችን እዚህ ይፈታል። አጀንዳው የታወቀ ነው። መብራት፣ ውኃ፣ ኔትወርክ፣ ሦስት ሰው ጭኖ ለአራተኛው «ጠጋ ጠጋ በሉለት» የሚል ባለባጃጅ። ከዚያ ሂስ ይቀጥላል። ሂስ ማለት ስድብ ነው። ሸምሱ ዘሪሁንን «አንተ ግንድ» ሳይለው ሻይ አያዝም፤ ዘሪሁንም «ዛሬስ ከስንት ሰው ሜትር ላይ ስንዝር ቆረጥህ?» ሳይለው አይቀመጥም። መዋደዳችንን የምንነጋገረው በዚህ ነው። ሌላ አልተማርንም።

አንድ ሰሞን ዘሪሁን ውኃ መጠጣት አበዛ። ሱሪው ሰፋው። አንድ ቀን በታቦር ተራራ በኩል ወደ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት አብረን ስንወጣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ዞረብኝ» አለ።

ስለ ራሱ አቤት ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ባጃጅ ጠርቼ ክሊኒክ ወሰድኩት። ውጤቱ ሲደርስ እኔ ቀደምኩ፤ «ወንድሙ ነኝ፣ ለእኔ ንገሩኝ» ብዬ ገባሁ። ክፉ ወሬ በአስታማሚ በኩል ያልፋል እንጂ ለባለቤቱ ፊት ለፊት አይነገርም! ስኳር ነው። ኪኒኑን ከዋጠ፣ ከተራመደ፣ ከጣፋጭ ከራቀ አብሮት ይኖራል። «እንግዲያው ቀስ ብለህ ንገረው» አለኝ ሐኪሙ።

ቀስ አልኩ። እጅግ በጣም ቀስ አልኩ። ኪኒኑን «የድካም ነው» ብዬ ሰጠሁት። ሸምሱን ባማክረው «ይደነግጣል፤ ትንሽ ይጠንክርና እንነግረዋለን» አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሰው በሽታ ለደበቀ ግን ተረት አላገኘሁለትም።

እስኪጠነክር ተንከባከብነው። ሂስ ቀረ። ሸምሱ ወንበር ይስብለት ጀመር። «ጋሽ ዘሪሁን፣ ከለስላሳ ውኃ ይሻልሃል» ይለዋል። ጋሽ! እኩዮች እኮ ነን። አስተናጋጇን አባብለን «ስኳር አልቋል» አስባልናት። እኔ ደግሞ ስለ ባጃጆች ሲያማርር «ልክ ነህ» አልኩት። በሃያ ዓመት ወዳጅነታችን ልክ ነህ ብዬው አላውቅም።

ፊቱ አመድ መሰለ። ስኳሩ ነው ብለን ይበልጥ አከበርነው።

ከዚያ አራት ቀን ጠፋ። በአምስተኛው መጣ፤ ግን አልተቀመጠም።

«እናንተ የሰይጣን ቁራጮች!»

«ምነው ጋሽ ዘሪ…» አለ ሸምሱ።

«ጋሽ ብለህ ድገማትና በዚህ ብርጭቆ ነው የምልህ! ሳምንት ሙሉ ሳትሰድቡኝ ስትቀሩ፣ ወር አልቀረኝም ብዬ ኑዛዜ ጻፍኩ እኮ! ልጆቼ ተኝተው እያየኋቸው አለቀስኩ።»

ሸምሱ ከልማዱ ወንበር ሊስብለት ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘሪሁን በአጥር ምክንያት ሰባት ዓመት የተኳረፋቸው ጎረቤት አሉት፤ አቶ ደሳለኝ የሚባሉ ጡረተኛ። ቂም ይዞ መሞትን ፈርቶ በራቸውን አንኳኳ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ልሞት ነው» አላቸው።

«ማን አለህ?»

«ማንም አላለኝም። ጓደኞቼ አከበሩኝ።»

ሰውየው ምን እንደሚውጥ ጠየቁት። ኪኒኑን አሳያቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ከዚያ ከገዛ ኪሳቸው ያንኑ ኪኒን አወጡ።

«አንተ ደንቆሮ፣ ይሄ እኮ የስኳር ነው! እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ውጬዋለሁ፤ ይኸው አጥርህን እየገፋሁ አለሁ!»

በማግሥቱ ክሊኒክ ወሰዱት። ዘሪሁን ራሱ ገባ፣ ራሱ ሰማ። እኛ ወዳጆቹ በፍቅር ልንገድለው ምንም ያልቀረንን ሰው፣ ጠላቱ በአንድ ስድብ አዳነው።

ይቅርታ ጠየቅነው። ቆይቶ ቆይቶ ተቀመጠ።

«ለመሆኑ በኑዛዜው ስለ እኛ ምን አልክ?» አለ ሸምሱ ፈራ ተባ እያለ።

«ሬሳዬን እነዚህ ሁለቱ እንዳይሸከሙት፤ መንገድ ላይ ሲጨቃጨቁ ይጥሉኛል አልኩ።»

«ቀደድከው አይደል?»

«ለምን እቀደዋለሁ? ምኑ ተሳሳተ?»

አሁን ዘሪሁንና አቶ ደሳለኝ በየማለዳው ሐይቁ ዳር ይራመዳሉ። ለስኳር ጥሩ ነው ተብሏል። አንድ ቀን ከኋላቸው ደረስኩባቸው፤ እጃቸውን እያወናጨፉ ስለ አጥሩ ይጨቃጨቃሉ። እንዲህ ሲፋጩ ጊዜ ሳያስቡት መንገዱን ሁለቴ ይመላለሱታል አሉ።

ስኳሩ ወርዷል። አጥሩ ግን እንዳለ ነው።