የቀይዋ መኪና ትክክለኛ ዋጋ

በዚህ ዓለም ላይ ዕቃ ገዝቶ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው የለም። በሩ ላይ የሚጠብቀው አንድ ሰው አለ። ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ አጠገብህ የሚቀመጠው ሰውም ሊሆን ይችላል። ዕቃው ያምር እንደሆነ አይጠይቅህም፤ ተመቸህ አልተመቸህ ደንታ የለውም። «ስንት ገዛኸው?» ይልሃል። ትነግረዋለህ። ዕቃውን ገልበጥ አድርጎ ያይና ራሱን በሐዘን ይነቀንቃል። «ተበልተሃል።»

የእኛ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ሰው ከውጭ መፈለግ አላስፈለገውም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ክቡር ዳኛው»። ችሎት ተሰይመው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ መድኃኒት ቤት ውስጥ ዱቄት ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ምናልባት እንዲህ ያደረጋቸው ያ ሚዛን ይሆናል። ጥቂት የበዛ መድኃኒት እንደሚገድል፣ ጥቂት የጎደለውም እንደማያድን ስለሚያውቁ፣ በሽንኩርቱም በሶፋውም ላይ ያንኑ ሕግ ያወርዱታል።

በሠርጌ ዕለት፣ እንግዳው እያጨበጨበ፣ ክቡር ዳኛው እጄን ያዙና ቀለበቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ እንኳን ደስ ያለህ የሚሉኝ መስለው ጆሮዬ ሥር ጠጋ አሉ። «ተበልተሃል» አሉኝ። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ ሆስፒታል መጡ፣ ሕፃኗን ሳሙ፣ ሳግ እስኪይዛቸው ድረስ አለቀሱ። እንባቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ የአልጋውን ኪራይ ጠየቁ።

ቋጣሪ ናቸው ብሎ የሚያማቸው ሰው ግን አያውቃቸውም። አንድ ቀን ጫማቸውን መንገድ ዳር አሰፍተው ሰፊው ዋጋውን ሲነግራቸው ተቆጡ። አንሶባቸው ነበር። «ራስህን አትብላ! ክሩስ? ሙጫውስ? ጎንበስ ብለህ የቆየህበትስ?» ብለው ሰውየው እስኪደነግጥ ድረስ ገሠጹትና ጨምረው ከፈሉት። ለእሳቸው አንድ ነገር አንድ ትክክለኛ ዋጋ አለው። ከዚያ በላይም ሆነ ከዚያ በታች የሄደ ሰው በድሏል፤ ወይ ሌላውን፣ ወይ ራሱን።

ከፍተኛው ችሎታቸው ያገለገለ መኪና ላይ ነው። ከቤተሰባችን ማንም ያለ እሳቸው መኪና ገዝቶ አያውቅም፤ ከእሳቸው ጋር ሄዶ የገዛም በጣም ጥቂት ነው። ሻጩ ሳያስበው በጠዋት ይደርሳሉ። መጀመሪያ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃቸው፣ ሰውየው አስነስቶ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነውና ሰላምታው እዚያው ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት ያወጣሉ። በበሩና በፓራፋንጎው ላይ ቀስ እያሉ ያስኬዱታል። ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ላይ ቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው፤ መኪናው ተጋጭቷል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዞር ብለው አያዩትም። የፍሬን ፔዳሉን ጎማ በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ጎማው ተበልቶ ካለቀ፣ ቆጣሪው ምንም ይበል ምን መኪናው ብዙ ሄዷል።

በስፖርት መኪና ላይ ግን ከሁሉም ይጠነቀቃሉ። አንድ ጊዜ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ስትነሳ ሰፈር የምታናውጥ መኪና ልግዛ ብሎ የተነሳ የአክስቴ ልጅ ነበር። ክቡር ዳኛው አስቀምጠው መከሩት። «ስማኝ» አሉት፣ «የስፖርት መኪና የሚሸጥልህ ሰው ብረቱን ብቻ አይደለም የሚሸጥልህ። ወጣትነቱንም አብሮ ሊሸጥልህ ይሞክራል። የት የት እንደሄደባት፣ ማንን አጠገቡ አስቀምጦ እንደነዳ ይተርክልሃል። አንተ የብረቱን ክፈል። ሌላውን ለራሱ ተውለት።» የአክስቴ ልጅ ዛሬም አውቶቡስ ነው የሚሳፈረው።

ይህን ሲናገሩ የነበሩት ሰው ግቢ ውስጥ፣ በሸራ ተሸፍና፣ አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ቆማለች። ባለ ሁለት መቀመጫ ናት። ጋሼ በጎረምሳነታቸው ሲገዟትም አሮጌ ነበረች። እትዬን፣ ማለትም ባለቤታቸውን፣ ያጩት በእሷ ነው፤ እትዬ ደግሞ ወገባቸው የተጎዳው በእሷ እንደሆነ ይናገራሉ። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ያጥቧታል፣ ከከተማ ያወጧታል፣ መልሰው ያመጧታል። ስለ እሷ ማንም ዋጋ ጠይቋቸው አያውቅም። እንዴት ደፍረን?

ከዚያ ዓይናቸው ታመመ። ዳር ዳሩ ይታያቸዋል፤ መሃሉ ግን ጠፋ። የሚያዩት ሰው ጆሮና ትከሻው ይታያቸውና ፊቱ የለም። ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳይዙ ከለከላቸው። ጋሼ ምርመራው ውድ ነው ብለው ተከራከሩ፣ ክልከላውን ግን እንዳልሰሙ ሆኑ። በማግስቱ ቁልፉን አንስተው ወጡና ከጎረቤት አጥር ጋር ተላተሙ። አጥሩ እዚያ ባይኖር ኖሮ ከጀርባው ልብስ ታሰጣ የነበረችው ሴት ላይ ነበሩ። ሴትየዋ ተርፋለች፤ እትዬ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተረጋጉም።

እትዬ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ናና ይህችን መኪና አሽጥልኝ።»

«ጋሼ እሺ አሉ?»

«እሺ ብለዋል፣ ግን ትክክለኛ ዋጋዋን ካገኘሁ ነው ያሉት። እኔ በነጻም የሚወስዳት ባገኝ እግሩን እስማለሁ። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ እያለ እንዴት ልተኛ? አንድ ቀን ሬሳቸውን ያመጡልኛል፣ ወይ የሰው ሬሳ ይዘው ይመጣሉ። ያንተ ሥራ አፋቸውን መያዝ ነው።»

አፋቸውን መያዝ! በሕይወቴ ብዙ ከባድ ሥራ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን ማንም ጭኖብኝ አያውቅም።

መጀመሪያ የመጣው ገዢ አንድ የባንክ ሠራተኛ ነበር። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞረና ጎማዋን በእግሩ መታ። የጋሼ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ፤ ክንዳቸውን ያዝኩ። ዘግይቼ ነበር። «ስትመታው ምን ነገረህ?» አሉት። «እንዲህ አይደለም መኪና የሚታየው። እንካ!» ማግኔቱን ሰጡት። እጁን ይዘው እየመሩ ወደ ግራው በር፣ ከአጥሩ ጋር ተላትመው ወደተጠገነው ቦታ ወሰዱት። «ተመልከት፣ አይዝም። ስቱኮ ነው። አሁን ደግሞ ከሥሯ ግባና ወለሉ ላይ ያለውን ዝገት እይ።» የባንክ ሠራተኛው በንጹሕ ሸሚዙ መኪናዋ ሥር ገባ። ሲወጣ ዋጋ ቀነሰ። ጋሼ በደስታ ትከሻውን መቱት። «አሁን ገባህ!» እንዲህ ያለ ሻጭ ገጥሞት ስለማያውቅ ፈራ መሰለኝ፣ አስቤ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። እስካሁን እያሰበ ነው።

ሁለተኛው ነጋዴ ነበር። ቀይዋን ገና ሸራው ሲነሳ አይቶ ፍቅር ያዘው። ሳይጠየቅ፣ ጋሼ ካሉት ዋጋ በላይ ጠራ። እትዬ በመስኮት ሆነው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«አይሆንም» አሉ ጋሼ። «ያልኩህን ክፈል። ትርፉን ከየት አመጣኸው?»

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ወዶ ነው» አልኩ እግራቸውን እየረገጥኩ።

«እግሬን ልቀቅ! ወዶም ቢሆን ተበልቷል።»

ነጋዴው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። ገንዘብ አልፈልግም የሚል ሻጭ ከመኪናው ጋር አንድ ትልቅ ጉድ እንደሚሸጥ ጠረጠረ። እሱም ሄደ። እትዬ መጋረጃውን ዘጉት፤ ከጀርባው ማልቀሳቸው ይሰማ ነበር።

ሦስተኛው ሰው ዘይት የጠገበ ቱታ የለበሰ፣ አሮጌ መኪና እየፈታ መለዋወጫ የሚሸጥ ነበር። አልዞራትም፣ ጎማም አልመታም። ኮፈኑን ከፍቶ አየና ዘጋው። «አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «ይህችን ሙሉዋን የሚገዛ ሰው አያገኙም። ተፈታታ ግን ብዙ ፈላጊ አላት። ሞተሩን አንዱ ይወስደዋል፣ በሮቹን ሌላው፣ መቀመጫዎቹን ሌላው።» ከዚያ ዋጋውን ነገራቸው። ጋሼ ከጠየቁት የበለጠ ነበር።

ጋሼ ይቆጡታል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። አንገታቸውን ደፍተው በጣታቸው ያሰሉ ጀመር። ሞተሩ። ማርሹ። በሮቹ፣ አንዱ ስቱኮ ያለበት። መሪው። መሪው ላይ ሲደርሱ ጥቂት ቆሙ። ሒሳቡን ጨርሰው ቀና አሉ።

«ትክክል ነው» አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ድምፁም የእሳቸው አይመስልም፤ ቀጥኖ ነበር። ሕጋቸው ራሳቸው ላይ ዞሮ ያዛቸው። ዋጋው ትክክል ከሆነ ምን ብለው ይከራከራሉ? ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና ለሰውየው ዘረጉት። ነገር ግን ሰውየው ያለበት መሃሉ ስለማይታያቸው፣ እጃቸውን የዘረጉት ከእሱ ወደ ጎን፣ ማንም ወደሌለበት ነበር። ቁልፉ ባዶ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ።

ባለ ቱታው ሊቀበል ጠጋ ሲል ቀደምኩት።

«እኔ ነኝ የምገዛት» አልኩ።

ማን እንደተናገረ ለማወቅ እኔም ዞር ብዬ ነበር። ሦስት ልጆች አሉኝ። መኪናዋ ሁለት መቀመጫ ነው ያላት። ያለኝ ገንዘብ ደግሞ ለሚያፈሰው ጣሪያችን ያጠራቀምነው ነው።

«አንተ? በስንት?» አሉ ጋሼ።

«እሱ በጠራው።»

«አብደሃል! ያ እኮ ተፈታታ ስትሸጥ ነው! ሙሉዋን ለሚገዛ ሰው ይህን አታወጣም!» የነበረው ድምፃቸው ተመለሰ፤ ግቢው በአንድ ጊዜ ሞቀ። «ተበልተሃል! እየሰማኸኝ ነው? ዓይኔ እያየ ተበልተሃል! ብረቱ ይህን አይሞላም!»

«ለብረቱ አይደለም፣ ጋሼ።»

የገባቸው መሰለኝ። ለረጅም ጊዜ ፊቴ ያለበትን ቦታ ሲፈልጉ ቆዩና በመጨረሻ ትከሻዬ ላይ አተኮሩ። «ለሌላው አትክፈል ብዬ አስተምሬ አልነበር?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ቁልፉ ሞቆ ነበር።

እትዬ ከቤት ወጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ባለ ቱታው ሰው የእብድ ቤት የገባ መስሎት ሳይሰናበት ወጣ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር። «ልጆቹን የት ልታስቀምጣቸው ነው?» አለችኝ። «ተራ በተራ» አልኳት። ልትቆጣ ተነሳችና ዓይኗ የመኪናዋ ቀኝ መቀመጫ ላይ ቀረ። ወንድሟ ትምህርት ቤት ያደርሷት የነበረው በእሷ ነው። ገብታ ተቀመጠችና ብዙ ቆየች። ዝናብ ሲጥል አሁንም ሳሎናችን ውስጥ ባልዲ እናስቀምጣለን።

ጋሼ ትርፍ ነው ያሉትን ገንዘብ በፖስታ አድርገው በእህታቸው እጅ ላኩብኝ። መለስኩት። ደግመው ላኩት። ደግሜ መለስኩት። በመጨረሻ እትዬ አይተው ወሰዱትና መጋረጃ ለወጡበት። መጋረጃውን ስንት እንደገዙት ሲነግሯቸው ጋሼ ምን እንዳሉ መናገር አያስፈልገኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ እወስዳቸዋለሁ። ኮፈኑን በእጃቸው ዳስሰው ሞተሩ ከልክ በላይ አለመጋሉን ሳያረጋግጡ አይገቡም። እየዳሰሱ ወደ ቀኙ በር ይዞራሉ፣ ይገባሉ፣ ማግኔቱን ጉልበታቸው ላይ ይይዙታል። ከከተማ እስክንወጣ ድረስ መንዳት ያስተምሩኛል፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ማርሹን አታሰቃየው፣ አሁን ነዳጅ ስጣት፣ አሁን። ከዚያ ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩን ያዳምጣሉ። እኔም ዞር ብዬ አያቸዋለሁ። እንዲህ አድርጌ ሰው እወዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ስንመለስ ድንገት ተናገሩ።

«አንተ ልጅ፣ ይህችን መኪና የሸጠልህ ሰው ሌባ ነው።»

«ምን አደረገኝ?»

«ገንዘብህን ሙሉ በሙሉ ተቀበለህ። መኪናዋን ግን አልለቀቀልህም። ይኸው፣ እስካሁን ውስጧ ቁጭ ብሏል።» መስኮቱን ዝቅ አድርገው ንፋሱን ፊታቸው ላይ ተቀበሉት። «ተበልተሃል።»

ወደ ቤት የሚወስደው መታጠፊያ ጋ ደርሰን ነበር። ሳልታጠፍ አለፍኩት።