የኔታ ለሐኪም የሰጡት ምስክርነት

ከጋይንት ስማዳ፣ ከስማዳ እስቴ ቢኬድ፣ ልጁ አፉን ሳይከፍት መልሱን የሚሰጥ አባት ያልበቀለበት መንደር አይገኝም። ድርቅ ይህን ዘር አያጠፋውም፤ ዋግም አይመታውም። እንዲህ ያለው አባት «ለምን?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ለምን?» የሚለው ቃል የእርሱ የግል ርስት ነውና።

የዚህ ዘር አውራ፣ የአርብ ገበያና የአካባቢዋ ጠቅላይ ገሣጭ፣ መሪጌታ ገብረ መድኅን ነበሩ።

መሪጌታ የድጓ መምህር ናቸው። አሥራ አምስት ተማሪ በአንድ ላይ እየጮኸ ሲያዜም፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የአንዱን ስሕተት ከመካከል ነቅሰው ያወጣሉ። ችግሩ፣ ከጉባኤው ሲነሡ ይህ ጆሯቸው አብሯቸው መነሣቱ ነው። ራዲዮ ከፍተው ዜና አንባቢው አንዲት ቃል ካበላሸ፣ ራዲዮኑን በመቋሚያቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጉና «ድገመው!» ይላሉ። ሲያርሱ በሬው ከትልሙ ከወጣ «ልብህ የት ነው?» ይሉታል፤ በሬውም አፍሮ ይመለሳል። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍረው ሾፌሩን ሙዚቃውን አስዘግተው፣ ረዳቱን የሸሚዙን ቁልፍ አስቆልፈው፣ ተሳፋሪውን በሙሉ ቀጥ አድርገው አስቀምጠው ነፋስ መውጫ ገብተዋል። ሰው ሁሉ ከመኪናው ሲወርድ ከቅዳሴ የወጣ ይመስል ነበር አሉ።

አይማቱም። መማታት አላስፈለጋቸውም። ጥፋተኛው አጠገብ መጥተው ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ጥፋተኛው ያልተጠየቀውን ጭምር ይናዘዛል። ልጆቻቸው እንኳ «አባባ» ማለትን ትተው እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ነበር የሚሏቸው።

«ልብሽ የት ነው?» የሚለውን ጥያቄ በዕድሜዋ ሙሉ ከማንም በላይ የሰማች ግን የመጨረሻ ልጃቸው የትናየት ናት። ለጥያቄው መልስ ብታገኝለት ደስታዋ ነበር። ልቧ አንዳንዴ ጣራው ላይ ነው፤ አንዳንዴ ከጉንዳን ሰልፍ ኋላ ወዲያ ማዶ ነው። አንድ ነገር ልትይዝ ስትነሣ ሌላው ይጠራታል፤ ወደ ሌላው ስትዞር የመጀመሪያው ይጠፋል። ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ከደብተር ጋር ታግላ፣ ሲነጋ ያነበበችው አንድ ገጽ ሆኖ ታገኘዋለች፤ ያውም ሰባት ጊዜ።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች ውጤቷ አሽቆልቁሎ ዋርኒንግ ገባች። የግቢው ክሊኒክ ነርስ ጉዳይዋን አዳምጣ፣ «ይኼ እኮ ኤዲኤችዲ የሚሉት የትኩረት ችግር ሊሆን ይችላል» አለችና ወደ ከተማው ሐኪም ቤት ጻፈችላት። የአእምሮ ሐኪሟ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው ይዛ እንድትመጣ ጠየቀች። ያለዚያ ምርመራው አይጠናቀቅም፤ ምርመራው ካልተጠናቀቀ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ቀጥሎ የሚሰጣት ወረቀት የስንብት ነው።

የትናየት በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ብልኅ ልጅ ወደ እናቷ ሮጠች።

«እማዬ፣ አንቺ ነይልኝ።»

እናቷ ወይዘሮ ተዋበች አተር ሲለቅሙ ነበር። ቀና ሳይሉ ሳቁ።

«እኔ ብመጣማ ‹ልጄ ምን ይወጣላታል! ወርቅ ናት!› ብዬ ነው የምመለስ። ክፉሽን ከኔ አፍ የሚያወጣ ሐኪም ገና አልተወለደም። ጥፋትሽን አንድ በአንድ የያዘ እሳቸው ናቸው። ሂጂ፣ የኔታን ለምኚ።»

«እሳቸውን?»

«ምነው፣ አይበሉሽ!»

ሦስት ቀን ንግግሯን ተለማመደች። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ከሚያስተምሩበት ወይራ ሥር ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ቀርባ እጅ ነሣችና ቆመች። የተለማመደችው ንግግር ወዲያው ጠፋባት። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ ዋርኒንጉን፣ ነርሷን፣ ሐኪሟን።

መሪጌታ እስክትጨርስ አዳመጧት።

«ትኩረት አነሰሽ?» አሉ በመጨረሻ። «ትኩረት እንደ እህል በቁና ይሰፈራል?»

«የኔታ፣ በሽታ...»

«ለስንፍና ሐኪም ከተገኘለትማ፣ ይህ ሁሉ ተማሪ አኮፋዳውን እንዳንጠለጠለ ሐኪም ቤት ይሰለፋላ! ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል፤ አሁን ደግሞ ይታከማል?»

«ሰነፍ አይደለሁም።»

«ልቤ ታሟል ብለሽ ጠበል ግቢ።»

«ገባሁ። ሰባት ቀን ተጠምቄ ነው የመጣሁ። በስድስተኛው ቀን ነጠላዬን ረስቼ ስመለስ አጥማቂው ራሳቸው ‹ልጄ፣ ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐኪምም እይ› አሉኝ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩት። በዚያ አገር ይህ ማለት ጉዳዩ ተዘግቷል ማለት ነው። ወንድሞቿ በዚህች ምልክት ብቻ ስንት ነገር ትተው ሄደዋል፤ አንዱ ፍቅረኛውን፣ አንዱ የእግር ኳስ ጫማውን።

የትናየትም ልትሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ከዚያ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልቧ ከቆመችበት ቦታ ላይ ተገኘ። ዞረች።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ድጓን ከማን ተማሩ?»

«ከመሪጌታ አስናቀ። ነፍሳቸውን ይማር።»

«እንደጨረሱ እዚያው ወንበር ዘርግተው ማስተማር ጀመሩ?»

«እንዴት ተደርጎ!» ተቆጡ፤ ስለ ድጓ ሲነሣ መልስ ሳይሰጡ ማለፍ አይችሉም። «ጋይንት ቤተ ልሔም ሄጄ ከሊቃውንቱ ፊት አስመሰከርኩ እንጂ! ቤተ ልሔም ያልተመሰከረለት የድጓ መምህር አለ?»

«መሪጌታ አስናቀ ያውቁዎት የለም? ‹ይኼ ልጅ አውቋል› ቢሉ አይበቃም ነበር?»

«አይበቃም! ያስተማረህ ሰው ወዶህም ይፈርዳል፣ ጠልቶህም ይፈርዳል። ጆሮው ለምዶሃል። ለዚህ እኮ ነው ከማያውቅህ ሊቅ ፊት የምትቆመው! እሱ ነው እውነቱን...»

እዚህ ላይ አቆሙ። የአሥራ አምስት ሰው ዜማ ለይቶ የሚሰማው ያ ጆሯቸው፣ አሁን የሰማው የራሳቸውን ድምፅ ነበር።

የትናየት ሐሳቡን ጨረሰችው። «እኔንም ሰነፍ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እኔም አምኜ ተቀብያለሁ። አሁን ከማታውቀኝ ሊቅ ፊት ልቁም። ሰነፍ ናት ካለችኝ፣ ተመልሼ እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ወይራው ላይ አንዲት ወፍ ጮኸች፤ መሪጌታ እርሷን እንኳ አላረሙም።

«መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሣ?» አሉ።

የአእምሮ ሐኪሟ ዶክተር ኤልሳቤጥ ወጣት ሴት ነበረች። መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ሲገቡ ከወንበሯ ተነሣች።

«አባታችን፣ ልጅዎ በሕፃንነቷ እንዴት ነበረች? የሚያስታውሱትን ያህል ብቻ ይንገሩኝ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የትናየት ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ድጓን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ሊወጡ ሲዘጋጁ ያላቸው ፊት ነው።

«በዘጠና አምስት፣ በሐምሌ ሥላሴ ማግሥት፣» ብለው ጀመሩ፤ «የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጥጃውን ጠብቂ ተብላ ቢራቢሮ ተከትላ ሄደች። ጥጃው ላሟን ጠብቶ ጨረሰ። በዘጠና ስድስት በኅዳር ሚካኤል ከወይዘሮ አበራሽ ቤት ወንፊት እንድታመጣ ላክናት። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል የወይዘሮ አበራሽን ዶሮ ታቅፋ መጣች። ወንፊቱ እስከ ዛሬ አልመጣም። በታኅሣሥ የኮንጎ ጫማዋን ግራውን ጣለች። በጥር ቀኙን።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ይጻፉልኝ። ተማሪዎቼ ዓመት የሚለፉበትን ዜማ፣ እሷ ከአጥር ኋላ ቆማ በአንድ ክረምት ያዘችው። እኔ እንደሰማኋት አላወቀችም። ቁጭ ብለሽ አንብቢ ካልኳት ግን ከአንዲት መስመር አትዘልቅም። እግሯ አያርፍም። አሁን ራሱ ይዩት።»

ሦስቱም ወደ ታች ተመለከቱ። የየትናየት እግር ከጠረጴዛው ሥር በፍጥነት ይወዛወዝ ነበር።

መሪጌታ ቀጠሉ። የጠፋ እርሳስ፣ የተቃጠለ ወጥ፣ እንባ ያስነባ ደብተር፤ ቀኑ ከነበዓሉ፣ ቦታው ከነሰዓቱ። የትናየት መጀመሪያ አፈረች። ቀጥሎ መገረም ጀመረች። አንዳንዱን ራሷም ረስታዋለች። በዘጠና ስድስት ዓቢይ ጾም ወንዝ ዳር ተቀምጣ ለብቻዋ ያለቀሰችውን ማን አየ? እሳቸው ማዶ ሆነው አይተዋታል። «ባለቀሰች ቁጥር ቁጣዬን ፈርታ ይመስለኝ ነበር» አሉ። ይህ ሁሉ ዓመት ጥፋቷን ለፍርድ የሚያከማቹ ይመስላት ነበር። ለካ ሰውዬው ዓይናቸውን ከላይዋ አንሥተው አያውቁም።

«አባቴ፣ ይበቃል፤ ገብቶኛል» አለች ዶክተሯ፤ ሦስተኛ ወረቀት ጨርሳለች።

«ምኑ ይበቃል? ገና ስምንት ዓመቷ ላይ ነን!»

ምርመራው በማግሥቱ ተጠናቀቀ። ዶክተር ኤልሳቤጥ ሁለቱንም አስቀምጣ በቀስታ አስረዳቻቸው፤ ኤዲኤችዲ እንደሆነ፣ አብሯት ያደገ እንደሆነ፣ መድኃኒትም የማጥኛ ዘዴም እንዳለው፣ ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጣት ለዩኒቨርሲቲው እንደምትጽፍ። «ስንፍናም አይደለም፣ ልበ ቢስነትም አይደለም» አለች።

የትናየት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሃያ ዓመት የተሸከመችው ነገር ከትከሻዋ ሲወርድ፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ራሷም አልለየችውም።

መሪጌታ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለእኔም አንድ ይጻፉልኝ።»

«ለእርስዎ? ምን ብዬ?»

«‹የትናየት ገብረ መድኅን ሰነፍ አይደለችም› ብለው።»

ዶክተሯ ቀልድ መስሏት ቀና ብላ አየቻቸው። መሪጌታ ግን ወንጌል እንደሚነበብ ተነሥተው ቆመዋል። ጻፈች። ተቀብለው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። አንድም ስሕተት አላገኙም።

«ማኅተሙስ?» አሉ።

ማኅተም ተመታላቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀለሙ እንዳይጨማለቅ እፍ እፍ እያሉ፣ በሕመምተኛ በተሞላው መተላለፊያ መካከል ቀስ ብለው ወጡ፤ ሰዉም ምን ያለ ትልቅ ነገር ቢሆን ነው እያለ መንገድ ለቀቀላቸው።