ዘጠኝ ገጽ ስለ ዝምታ

[የደራሲው የሥራ ክፍል። ጠረጴዛው ላይ ስለ አንድ ጊታሪስት የጻፈው፣ ዛሬ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ የመጽሐፍ ረቂቅ፣ አንዲት አሮጌ ካሴትና ማጫወቻ አሉ። የሟች እህቱ ባል፣ ካሴት ቀጂው፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በካልሲው ቆሟል። አንድ ነገር ሊለምን መጥቷል፤ እስኪለምን ግን እንደተለመደው ይወቀሳል።]

ደራሲው፦ ጫማህን አድርግ እንጂ። ሰው ቢገባ ምን ይለኛል?

ቀጂው፦ ረቂቅዎ ገጽ አርባ ላይ «አንባቢ ሆይ፣ ጫማህን አውልቀህ አድምጥ» ይላል፣ ጋሼ።

ደራሲው፦ ሲያደምጡ ነዋ። አሁን ምን እያደመጥክ ነው?

ቀጂው፦ እርስዎን።

ደራሲው፦ [ደስ ብሎት] እሱስ ልክ ነህ። የማድመጫ ምክሮቼን ሞከርካቸው?

ቀጂው፦ አንድም አልቀረኝ። «ሦስት ቀን ከሰው ወሬ ጆሮህን ጹም» ስላሉ ደንበኛ ሲያናግረኝ ዝም አልኩ። ደንቁሯል ብለው አዘኑልኝ። «ግድግዳ ተደግፈህ» ስላሉ ተደገፍኩ፤ ለካ ቀለሙ አልደረቀም።

ደራሲው፦ ጊታሩ ሲጀምር ምን ተሰማህ?

ቀጂው፦ ጀርባዬን በረደኝ።

ደራሲው፦ እሰይ። እኔም የጻፍኩት ይኼንኑ ነው።

ቀጂው፦ የመጣሁት ግን ለገጽ መቶ አሥራ ሁለት ነው። እዚያ የጻፉላትን ካሴት ለአንድ ቀን ያውሱኝ።

ደራሲው፦ ይቺን? ሌላው ሰው ቤት ያለው ካሴት ላይ ጊታሪስቱ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። እዚህች ላይ ብቻ፣ መሃል ላይ፣ አሥራ ሰባት ሰከንድ ዝም ይላል። ለመጽሐፉ ምረቃ በመስታወት ሣጥን ነው የማስቀምጣት። የሰው እጅ አይነካትም።

ቀጂው፦ የእኔ እጅ ነክቷታል። የቀዳሁልዎ እኔ ነኝ።

ደራሲው፦ መቅዳትማ ማንም ይቀዳል፤ ቁም ነገሩ መስማቱ ላይ ነው። ስለዚያ ዝምታ ዘጠኝ ገጽ ጽፌያለሁ። ሰውዬው እናቱ ትዝ ስትለው ነው ያቆመው።

ቀጂው፦ እሱ እኮ አላቆመም።

ደራሲው፦ ታዲያ ማን አቆመው?

ቀጂው፦ እኔ። ያኔ ማገናኛ ገመድ አልነበረኝም፤ ሁለቱን ማሽን ፊት ለፊት አስቀምጬ ነበር የምቀዳው። በመሃል ሰው ጠራኝና ማጫወቻውን አቆምኩ። መቅጃውን ግን ማቆም ረሳሁ።

ደራሲው፦ [ሳቅ ብሎ] አየህ፣ አንተን ሱቅ ያስቀረህ ይኼ ነው። እሺ፣ ዝምታው መጨረሻ ላይ ያለችው የሴት ድምፅስ? «ከወዲያኛው ዓለም የመጣች፣ ቃል የሌላት ጥሪ» ብያታለሁ።

ቀጂው፦ ቃል አላት።

ደራሲው፦ ሠላሳ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ የላትም። ስለ ጆሮ አንተ ልታስተምረኝ ነው?

ቀጂው፦ «ድምፁን ዝቅ አድርገህ» በሚለው ምክርዎ ሰምተዋት ነው። ከፍ ያድርጉት።

[ደራሲው ሊያሳፍረው ብሎ ካሴቷን ያስገባል። ጊታር፤ ከዚያ ዝምታ። ቀጂው የድምፁን ቁልፍ እስከ ጥግ ያዞረዋል። ከሩቅ ሳህን ሲቀመጥ ይሰማል፤ ቀጥሎ የሴት ድምፅ፦ «ኧረ ና፣ ምሳህ ቀዘቀዘ።» የወንድ ድምፅ፦ «መጣሁ።» ጊታሩ ይቀጥላል። ደራሲው ያጠፋውና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።]

ደራሲው፦ እህቴ ናት።

ቀጂው፦ ናት።

ደራሲው፦ ሠላሳ ጊዜ።

ቀጂው፦ ከቀበርናት ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ድምፅዋን ፍለጋ ያልበረበርኩት ሣጥን የለም። የአገሩን ሰው ሁሉ ቀድቼ የእሷን ሳልቀዳ ቀረሁ ብዬ ነበር። ረቂቅዎን ሳነብ ነው ትዝ ያለኝ።

ደራሲው፦ ያን ቀን ስትጠራህ ሄድክ?

ቀጂው፦ በአሥራ ሰባት ሰከንድ ምሳ ይበላል? የእርስዎን ካሴት ልጨርስ ብዬ ማጫወቻውን መልሼ ከፈትኩት።

[ደራሲው ካሴቷን አውጥቶ ይሰጠዋል። ቀጂው ደረት ኪሱ ከትቷት ጎንበስ ይልና ጫማውን ማሰር ይጀምራል።]

ደራሲው፦ የማተሚያ ቤቱ መኪና በር ላይ ቆሟል። ዘጠኙን ገጽ ምን ላድርገው?

ቀጂው፦ ያውጡትና በቦታው አንድ ምክር ያስገቡ። «አንባቢ ሆይ፣ የሚጠራህ ሰው ካለ ማጫወቻውን ዝጋና ሂድ» ይበሉ።

ደራሲው፦ ይኼ እኮ ስለ ሙዚቃ አይደለም።

ቀጂው፦ ዘጠኙ ገጽም አልነበረም፣ ጋሼ።