እናቴ ባጭሩ ሰላም ያለች ዕለት

ስልክ የማይገባበት ነገር እየጠፋ ነው። እርምጃችንን ይቆጥራል፣ እንቅልፋችንን ይሰልላል፤ አሁን ደግሞ የመርሳት በሽታ ሲጀምር ከንግግራችን እለያለሁ ይላል። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ተረት ማን ሹክ እንዳለው እንጃ።

እናቴ ይጁቤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሰሞኑን የቤቷ ቁልፍ ጠፍቶ ጤፍ ጎታ ውስጥ ተገኘ። እሷ ከሌባ ደብቄው ነው ትላለች። እኔ ግን ፈራሁ፤ አንድ ቀን የማን ልጅ ነህ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ነርስ የሆነችው ባለቤቴ ንግግር እያዳመጠ መደጋገምን የሚለቅም መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ሐኪም አይተካም፣ ይጠቁማል እንጂ አለችኝ። መጥፎ ነገር ከጠቆመ እናቴን ደብረ ማርቆስ እኛ ቤት ልናመጣት ተስማማን። እናቴ ደግሞ ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው ብላለች።

እሁድ ጠዋት ሄጄ፣ ሁሉንም ነግሬያት፣ ስልኬን አጠገቧ አስቀመጥኩ። ጀመረች። ደህና ነህ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ሚስትህስ? ሥራው? አንተ ግን ደህና ነህ? ልጆቹስ? ስልኩ ቀይ አበራ፤ ጥያቄ ተደጋግሟልና ሐኪም ያማክሩ አለ። በዚህ ሚዛን ከሆነ ከጎጃም ሐኪም ቤት የማይተኛ ማን ሊተርፍ ነው?

እናቴ ግን ፊቷ ጠቆረ። እንደገና ይስማኝ አለችና በራሷ ስልክ ደብረ ኤልያስ ላለችው ታላቅ እህቷ ደወለች። ደህና ነሽ? ጤፉ ታጨደ? በይ ደህና ዋይ። ዘጋችው። ስልኬ አረንጓዴ አበራ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንድ መኪና ሙሉ ዘመድ አስከትላ፣ ደረቷን እየደቃች ደረሰች። ሰላምታ እንዲህ ያጠረው መርዶ ቢኖር ነው ብላ ኖሯል። የሞተ ሰው አለመኖሩን ስታረጋግጥ እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ፣ እህቴ አእምሮዋ ልክ አይደለም። ስለ በቅሎዬ እንኳ አልጠየቀችኝም።»

አረንጓዴውን መብራት አሳየኋት። ዞር ብላም አላየችው፤ ከዛሬ ጀምሮ ብቻዋን አትተኛም ብላ እርሻውን ለልጆቿ ትታ እዚያው ቀረች።

እውነት ለመናገር እፎይ አልኩ። እናቴ ከቤቷም አልተነቀለች፣ ብቻዋንም አይደለች። ችግሩ እኔ ዘንድ ነው። ስደውል ሁለቱ ስልኩን እየተቀባበሉ ደህና ነህ ወይ ሲሉኝ፣ የደወልኩበትን ጉዳይ ረስቼው እዘጋለሁ። ባለቤቴም ሰሞኑን እራት ላይ ስልኳን እኔ አጠገብ ማስቀመጥ ጀምራለች።