የሰይድን ጉሮሮ የጠበቁት ሰው

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ራሱ ቢዘፍን ከብት የሚያስደነብር ሰው ስለ ዘፋኝ ጉሮሮ ይህን ሁሉ ዕውቀት ከየት ያመጣዋል? መቼም እናንተ አገርም አይጠፋም። እኛ ከሚሴ ሙሄ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ደሴ ሻይ ቤት ተቀምጠው አንድ ቀን ሙሉ ራዲዮ ካዳመጡ ወዲህ የድምፅ ሐኪም ሆኑ።

ሰርግ ዘፋኛችን ሰይድ ትልቅ ሰርግ ሲቀርብበት፣ "ሰባት ቀን ዝም በል፤ ወላሂ ድምፅህ ይጠራል!" አሉት። እሱም ዝም አለ።

ግን ከሚሴ ላይ ዝም ማለት ይቻላል እንዴ? አንዱ "እንዴት አደርክ?"፣ ሌላው በኦሮምኛ "አከም ቡልቴ?" እያለ ይመጣል። ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ተጣልቷል ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ሊያስታርቁት ቤቱ መጡ።

"ማን አስቀየመህ ልጄ?"

ሰይድ በጣቱ ጉሮሮውን አሳየ።

"አርዳለሁ እያለ ነው!" ብለው አንደኛው ብድግ አሉ።

ሙሄ ምን ያድርጉ? ከዚያ ወዲህ ሰይድን ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ሰላምታውን ሁሉ በአማርኛም በኦሮምኛም እሳቸው መለሱለት። "ወአለይኩም ሰላም! ደህና ነው! ነጋ፣ ነጋ! ከብቱም ደህና ነው!" ሰንበቴ ከተማ ገበያ የሄዱ ዕለትማ ከቆላም ከደጋም የመጣው ሁሉ ሰላም ሲላቸው ዋለ።

በሰርጉ ቀን የሰይድ ድምፅ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ወጣ። ሙሄ "አላልኩም?" ሊሉ አፋቸውን ቢከፍቱ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሰይድ ጠጋ ብሎ፣

"አባቴ፣ ሰባት ቀን ዝም ይበሉ" አላቸው።

ዳሱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ድምፅ የለኝም፣ ዘፍኜም አላውቅ፤ ቢሆንም ሰባት ቀን ይበዛል። በዝንጅብል ሦስት ቀን ይበቃው ነበር።