የመልአኩ ፍሬን

[ሰቆጣ፣ የእነመልአኩ ግቢ። ጠዋት ሦስት ሰዓት። መልአኩ የጭነት ፒክአፕ ሹፌር ነው፤ ነጭ ነጠላውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቱ ዓሊዬ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ አዲስ የፍሬን ፓድ በብብቱ ይዞ መኪናዋን ይዞራታል።]

ዓሊዬ፦ ፍየል? ፍየል ነው የምትለኝ?

መልአኩ፦ ከአበርገሌ ፍየል ጭኜ ስመጣ ነዋ የጀመረው! ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ «ክርርርር!» የፈሩ መሰለኝ።

ዓሊዬ፦ ፍየሎቹን ካራገፍክ በኋላስ?

መልአኩ፦ ባሰበት። አንዷ ተደብቃ የቀረች መስሎኝ ወንበር ሥር ሳይቀር ፈለግኳት።

ዓሊዬ፦ ያ አላህ! ይሄ ሰውዬ ነው ዛሬ ሽማግሌ የሚልከው!

መልአኩ፦ አታስታውሰኝ። አምስት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹን ጭኜ ወደ ኒሯቅ ካልወረድኩ አለቀልኝ። ባለፈው መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማ ቀጠሮ ቀረን። የማጫት የመስታወት አባት «ዛሬም ከቀራችሁ ልጄን ለሌላ እድራለሁ» ብለዋል።

ዓሊዬ፦ እንግዲያው ስማኝ። መጀመሪያ ሲጥ ሲጥ ይል አልነበር?

መልአኩ፦ ከወር በፊት። ወፍ መስሎኝ ነበር።

ዓሊዬ፦ አሁን ወፍ፣ ቅድም ፍየል! የመኪና ሹፌር ነህ የእንስሳት ሐኪም? እሱ «ፓዴ ሊያልቅ ነው» እያለህ ነበር። አሁን አልቆ ብረት በብረት እየፋቀ ነው። በል ተነሥ፤ እኔ ልብሴን አላቆሽሽም፣ እየነገርኩህ አንተ ትሠራለህ።

መልአኩ፦ እሺ። በክሪክ ተነሥቶ፣ ጎማው አየር ላይ እየተሽከረከረ ነው አይደል ብሎኑ የሚፈታው?

ዓሊዬ፦ ምን? መሬት ላይ እያለ ነው የሚላላው!

መልአኩ፦ ወደ ቀኝ ተዙሮ?

ዓሊዬ፦ ወደ ግራ! ኧረ አምጣው... የት አለ መፍቻው? [ራሱ አንሥቶ ብሎኖቹን ያላላል] አየህ? እንዲህ!

መልአኩ፦ ይገርማል። ታኮ የሚሆነውን ድንጋይስ፣ የሚነሣው ጎማ ሥር ነው የሚያደርጉት?

ዓሊዬ፦ የኋላ ጎማ ሥር! መኪናዋ ተንከባልላ እንድትደፈጥጠን ነው? [ድንጋይ ተሸክሞ ያስደግፋል]

መልአኩ፦ ክሪኩ ከሞተሩ ዘይት መያዣ ሥር ቢገባ ግን አይቀልም?

ዓሊዬ፦ [ጮኾ] ቁጭ በል! ቁጭ በል ብያለሁ! እጅህን ከነጠላው እንዳታወጣ!

መልአኩ፦ [በፍጥነት ይቀመጣል] እሺ ወንድሜ።

[ዓሊዬ ጃኬቱን አውልቆ መኪናዋን በክሪክ ያነሣል፤ ጎማውን ነቅሎ አሮጌውን ፓድ ያወጣል።]

ዓሊዬ፦ እይ! ድራሹ ጠፍቷል። ዲስኩ ትንሽ ነው የተጫረ፣ ተርፏል። አሁን አዲሱ ፓድ ወፍራም ስለሆነ እንዲገባ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይገፋል።

መልአኩ፦ ፒስተን ምንድን ነው?

ዓሊዬ፦ ወላሂ አንተን መንጃ ፈቃድ የሰጠህ ሰው ይጠየቅበታል! ይሄ ክቡ። ፍሬን ስትረግጥ እሱ ወጥቶ ፓዱን ይገፋል፤ ፓዱ ዲስኩን ይይዛል።

መልአኩ፦ እህ! እና ቅባኑግ ጠብ ቢደረግበት ዝም አይልም?

ዓሊዬ፦ ፍሬን ላይ ዘይት?! ሽማግሌዎቹን ተከዜ ልትጨምራቸው ነው?

መልአኩ፦ ትንሽዬ...

ዓሊዬ፦ አፍህንም ነጠላው ውስጥ ክተት!

[አዲሱን ፓድ አስገብቶ ጎማውን ያስራል። ላቡን በክንዱ ሲጠርግ ግንባሩ ይጠቁራል።]

መልአኩ፦ ተገላገልን። የግራው አልጮኸም፤ ይቅር።

ዓሊዬ፦ እንዴት ይቀራል? አንድ ወገን ብቻ ከተቀየረ ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ ወደ አንድ በኩል ትስብሃለች! ሁለቱም ናቸው የሚቀየሩት!

መልአኩ፦ ካልጮኸ ምን አደረገ? ግራው ጨዋ ነው።

ዓሊዬ፦ ጨዋ?! ኧረ እኔ ከዚህ ሰው ጋር ልብድ ነው! [ክሪኩን እየጎተተ ወደ ግራ ይሄዳል። ከአፍታ በኋላ ክንዱ ድረስ ጠቁሮ ይነሣል።] አለቀ! እንዲህ ነው ሥራ። አሁን በሩ ድረስ ቁልቁል ነድቼ ልሞክራት።

[ጋቢና ገብቶ ሞተር ያስነሣል። መልአኩ ነጠላውን ጥሎ መኪናዋ ፊት ይገተራል።]

መልአኩ፦ ቁም! እንዳትንቀሳቀስ! መጀመሪያ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ! ፒስተኑን ወደ ውስጥ ገፍተኸዋል፣ ፓዱ ዲስኩን ገና አላገኘውም። እንዲሁ ብትነዳ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ከነመኪናው በሩ አጠገብ ያለው ቦይ ውስጥ ነህ!

[ዓሊዬ ፔዳሉን ይረግጣል፤ እስከ ታች ይሰምጣል። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ ሲረግጠው ይጠነክራል። ሞተሩን አጥፍቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል።]

ዓሊዬ፦ መልአኩ።

መልአኩ፦ አቤት።

ዓሊዬ፦ አሁን «ፒስተን ምንድን ነው» ብለኸኝ አልነበር?

መልአኩ፦ ዓሊዬ፣ ይቺን አሮጊት በአበርገሌ መንገድ ሦስት ዓመት ስነዳት ማን የሚጠግናት መሰለህ? ፍየሎቹ?

ዓሊዬ፦ አንተ ሌባ! ታዲያ «ሥራልኝ» አትለኝም? እምቢ እልህ ነበር?

መልአኩ፦ ማለት አልችልማ! ዛሬ እኮ ማርያም ናት። ከቅዳሴ ስንመለስ አባቴ «በበዓል ብረት ብትነካ፣ ወይም በአፍህ አዝዘህ ሰው ብታሠራ፣ ሽማግሌ ሆኜ አልሄድልህም» አሉ። ቄስ ናቸው፤ ካሉ አሉ ነው። እና እኔ አንዴ እንኳ «ሥራ» ብዬሃለሁ?

ዓሊዬ፦ [ያስባል] አላልክም።

መልአኩ፦ ብረትስ ነክቻለሁ?

ዓሊዬ፦ አልነካህም። [ጭንቅላቱን ይይዛል] ለካ ለዚህ ነው ጠዋት ሱቄ ድርሽ ያለ ሰው የጠፋው! እኔ ደግሞ ገበያ ሞቷል ብዬ ቆልፌ መጣሁልህ!

መልአኩ፦ አባቴ በመስኮት ሲያዩን ነበር። አንተ ግራው ጎማ ላይ ስትታገል ወደ መስኮቱ ጠርተውኝ «ልጄ፣ እንዲህ ሞኝ መሆንህን ሳላውቅ ነው ለሰው ልጅ ላጭህ የተነሣሁት?» ብለው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው።

ዓሊዬ፦ አይዟቸው በላቸው። ሞኙ ሌላ ነው። [ሳይፈልግ ይስቃል] በል ሂድ፣ አግባ፣ ከፊቴ ጥፋ!

መልአኩ፦ እሄዳለሁ። ግን እኔ የምልህ... መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳስ? ሽማግሌዎቹ ሁሉም ክርስቲያን ናቸው። ትርፉ ጎማ በጨርቅ ቢታሰር ኒሯቅ ድረስ አያደርስም?

ዓሊዬ፦ በጨርቅ?! ጎማ በጨርቅ?! [በንዴት ጃኬቱን ይለብሳል] ዞር በል! የፊት ወንበሩ የኔ ነው! ክሪኩን አቀብለኝ... ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትነካው! ራሴ እጭነዋለሁ።