ማንም ያልተነሳበት ፊልም

(ሐይቅ ከተማ፣ ጠዋት። ባድሩ ኳስ የሚያሳይበት የቆርቆሮ አዳራሽ። ባድሩ ከጂዳ ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው። ኡበይድ ጓደኛው ነው፤ የባድሩን ባጃጅ ይነዳል። አግዳሚዎቹ ትናንት ከሰዓት ፊልም ሊያይ የመጣው ሰው እንደተዋቸው ተዝረክርከዋል። በሩ አጠገብ እስክሪብቶ በዓሣ መረብ ክር የታሰረበት ደብተር ተንጠልጥሏል።)

ባድሩ፦ ወደቀ አላልኩህም። ራሱን ጣለ ነው ያልኩህ።

ኡበይድ፦ የወደቀ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

ባድሩ፦ አንተ ሰውዬ፣ ዘፋኙ እያወቀ ነው እኮ መድረኩ ላይ የተዘረረው። ጥበብ ነው።

ኡበይድ፦ እኔም ባለፈው ከጀልባ ስወርድ ጭቃው ላይ ተዘርሬ ነበር። ጥበብ ነው ያለኝ የለም።

ባድሩ፦ ጊታር ይዘህ ነበር?

ኡበይድ፦ ዓሣ።

ባድሩ፦ በቃ፣ ልዩነቱ እሱ ነዋ። ስማኝ፣ ይሄ ተራ ፊልም አይደለም። ሮክ ይባላል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ኮንሰርት ነው። የጂዳው አሠሪዬ ልጅ በፍላሽ የሰጠኝ፣ «ባድሩ፣ ይሄ የሚገባው ለአንተ ብቻ ነው» ብሎ ነው።

ኡበይድ፦ ባለፈው መኪናውን ሳጥብ ወንበር ሥር አገኘሁት አላልክም?

ባድሩ፦ አግኝቼ ስመልስለት ነዋ የሰጠኝ። አታቋርጠኝ።

ኡበይድ፦ እሺ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ያ ከበሮ መቺ ብቻውን ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲደበድብ፣ ሌሎቹ የት ሄደው ነው?

ባድሩ፦ ለሱ ለቀውለት ነው። ችሎታውን እንዲያሳይ።

ኡበይድ፦ እኔ ደግሞ ዐስር ሊሰግዱ የሄዱ መስሎኝ። ምስኪን፣ እነሱ እስኪመለሱ ቦታውን ይዞ ቀረ ብዬ አዘንኩለት።

ባድሩ፦ ወላሂ አንተን ይዤ የትም አልደርስም።

ኡበይድ፦ ሌላም አለ። መጨረሻ ላይ ዘፋኞቹ ወጡ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ተመልሰው መጡ። ለምንድን ነው የተመለሱት?

ባድሩ፦ ወጉ ነው። ሕዝቡ ሲወድህ ይጠራሃል፣ ተመልሰህ አንድ ዘፈን ትጨምርለታለህ።

ኡበይድ፦ እኔ የረሱት ትዝ ብሏቸው መስሎኝ። ተመልሰውም ግን አላደረጉትም። ዘፍነው ብቻ ወጡ።

ባድሩ፦ ምኑን ነው ያላደረጉት?

ኡበይድ፦ ያው ሰው ሰብስቦ የሚያሰናብት ሁሉ የሚያደርገውን…

ባድሩ፦ ተወው ተወው፣ አንተ ከጀመርክ አትጨርስም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ትናንት ፊልሙ አለቀ። ስክሪኑ ጠቆረ። ስንት ሰው ተነሳ?

ኡበይድ፦ ማንም።

ባድሩ፦ ማንም። ኳስ ሲያልቅ በሩን ነቅለው ሊወጡ ነው የሚደርሱት። ትናንት ግን አርባ ሰው እንደተቀመጠ ቀረ። ጨለማውን እያየ። ጂዳ እንኳ እንደዚህ ያለ ተመልካች አላየሁም።

ኡበይድ፦ እነሱ ቁጭ ያሉት እኮ…

ባድሩ፦ ተደንቀው ነው። ልባቸው ተነክቶ ነው።

ኡበይድ፦ እሱን ነው ልነግርህ የፈለግኩት።

ባድሩ፦ እኔ ነኝ እንጂ የምነግርህ። እንዳልረብሻቸው ብዬ በጓሮ በር ቀስ ብዬ ወጣሁ። ጀነሬተሩ ጋ ቆሜ ስጠብቅ፣ ውስጥ ያለው ሰው በአንድ አፍ ድምፁን ሲያሰማ ሰማሁ። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ።

ኡበይድ፦ ምን እንዳሉ ሰማህ?

ባድሩ፦ ጀነሬተሩ ጆሮዬ ሥር እየተንደቀደቀ ምን ይሰማል? ደስታ እንደሆነ ግን ያስታውቃል። እኔም እዚያው ሆኜ አብሬያቸው አልኩ።

ኡበይድ፦ ምን አልክ?

ባድሩ፦ ምን አውቄ፣ እነሱ ያሉትን ነዋ። አፌ ራሱ አለው።

ኡበይድ፦ (ፈገግ ብሎ) ጥሩ አድርገሃል።

ባድሩ፦ ስለዚህ ወስኛለሁ። እንዳልኩህ ባጃጇ ትሸጣለች። በሷ ምትክ ግድግዳውን የሚሸፍን ስክሪን፣ ሰው የሚያክል ስፒከር ይገባል። ዘይኑልአቢዲን ትናንት ከውጫሌ መጥቶ ባጃጇን አይቷታል፣ ወዷታል። ፊልሙንም እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ አይቷል። ዛሬ ከዙህር ሶላት በፊት መጥቶ ይወስዳታል።

ኡበይድ፦ እኔስ?

ባድሩ፦ አንተ በር ላይ ቲኬት ትቆርጣለህ።

ኡበይድ፦ ባድሩ፣ ልጆቼን የማሳድረው በባጃጇ ነው። ከመነኸሪያ ሐይቁ ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ገበያ፣ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ነገሩን ከነገርከኝ ጀምሮ እህል አልበላ ብሎኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ ከፍቶኛል።

ባድሩ፦ አብሽር። ሮክ ያበላሃል።

ኡበይድ፦ ዘፋኙ ራሱ የበላ አይመስልም። አጥንቱ ይቆጠራል።

ባድሩ፦ ካላመንከኝ የተመልካቹን አስተያየት እናንብብ። ደብተሩን ያንጠለጠልኩት ለዚሁ ነው። (ደብተሩን ያወርዳል) ይኸው፣ የመጀመሪያው አራጋው ነው።

ኡበይድ፦ ጀነሬተር የሚጠግነው?

ባድሩ፦ አዎ። «ፊልሙ ጥሩ ነው። ያንን ሁሉ መብራትና ድምፅ የተሸከመው ጀነሬተር ግን እስከ መጨረሻው አልታየም። ስጠብቅ ቆይቼ ተናድጃለሁ።» አየህ? ሰውዬው ከሚታየው በስተጀርባ ያለውን ኃይል ነው የፈለገው። ጥልቅ አስተያየት ነው።

ኡበይድ፦ ጀነሬተሩን ነው የፈለገው።

ባድሩ፦ አንተ ላይ ላዩን ነው የምታየው። ቀጥሎ ሀጀራ፣ ልብስ ሰፊዋ። «መሀል የቆመው ልጅ የሚጮኸው ሱሪው ጠቦት ነው። ቢያመጣልኝ አስፍቼ እመልስለታለሁ።»

ኡበይድ፦ እሷ እንኳ እውነቷን ነው።

ባድሩ፦ ምን እውነት አለው? ይሄ የነፃነት ጩኸት ነው።

ኡበይድ፦ ሱሪው ከሰፋ ነፃ ይወጣል ነው የምትለው።

ባድሩ፦ (ገጹን እየገለበጠ) ዓሣ አስጋሪው ወንዱ ደግሞ ምን ይላል? «ዝናቡ ሲወርድ ያ ሁሉ ሰው ንቅንቅ አላለም። ዓሣ እንኳ ዝናብ ሲመጣ ወደ ታች ይወርዳል።» ይሄ አድናቆት ነው። ግልጽ አድናቆት።

ኡበይድ፦ ከዓሣ ያነሱ ናቸው እያለ ነው።

ባድሩ፦ ሻይ ቤት ያላት ሱረያ ደግሞ፣ «ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ሻይ ያፈላው ማነው? እሱን ሰው አሳዩን።»

ኡበይድ፦ ይቺስ? ይቺም የነፃነት ጩኸት ናት?

ባድሩ፦ ይቺን ለጊዜው እንተዋት። አሃ፣ የመጨረሻው የሼህ ሙሐመድሁሴን ነው። እሳቸውም ጽፈዋል! እሳቸው የጻፉበት ነገር ቀልድ አይደለም። ስማ። «ልጆቹ ደክመዋል፣ አላህ ይርዳቸው። አጨራረሳቸውን ግን አልወደድኩትም። የጎደለውን እኛው ሞልተነዋል።» (ቆም ብሎ) ምኑ ነው የጎደለው?

ኡበይድ፦ ዱዓው ነዋ።

ባድሩ፦ የምን ዱዓ?

ኡበይድ፦ ከጠዋት ጀምሮ ልነግርህ ስታገል እኮ ነው። ሰው ተሰብስቦ ሳይመረቅ ይበተናል? ዘፋኞቹ ወጡ፣ ሰው ጠበቀ። ተመለሱ፣ አሁን ያደርጉታል ብሎ ጠበቀ። ዘፍነው ጭራሽ ጠፉ። አንተ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ነህ፣ መጥተህ «ሼሁ ይምረቁን» ትላለህ ብሎ ጠበቀ። አንተ በጓሮ ወጣህ።

ባድሩ፦ ቆይ፣ ቆይ። ያ ሁሉ ሰው ጨለማ ላይ አፍጥጦ የቀረው…

ኡበይድ፦ ምርቃት እየጠበቀ ነው። ወንዱማ እግሬ ደነዘዘ እያለ ሲያጉረመርም ነበር።

ባድሩ፦ ልባቸው አልተነካም?

ኡበይድ፦ የአራጋው ተነክቷል። በጀነሬተሩ።

(ባድሩ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይላል።)

ኡበይድ፦ በኋላ ሼሁ ራሳቸው እጃቸውን አነሱ፣ ሁሉም አነሳ። ወንዱም በራሱ አሜን፣ እኛም በራሳችን አሚን። ያን ጊዜ ነው ሰው ተነስቶ ቤቱ የገባው። አንተ የሰማኸው ድምፅ እሱ ነው።

ባድሩ፦ (ራሱን እያሻሸ) ይሁን። ተሳስቻለሁ ልበል። ግን ሰው ለዱዓም ቢሆን ቁጭ ካለ፣ ቁጭ ማለቱ አይቀርም። ትልቅ ስክሪን ሲሆን ደግሞ ቀስ በቀስ ይለምዳል። እሸጣታለሁ ብያለሁ፣ እሸጣታለሁ። ዘይኑልአቢዲን ቃሉን አያጥፍም።

(ስልኩ ይጮሃል።)

ባድሩ፦ ይኸው፣ እሱው ነው። (ስልኩን አንስቶ) አሰላሙ አለይኩም ዘይኑልአቢዲን። ደረስክ? … እንዴት ነው የማትመጣው? … ትናንት ወድጃታለሁ አላልክም? … በገዛ አፍህ? … ምን ብለህ? … ኧረ እሱ እኮ ለወጉ ነው… እሺ። እሺ፣ ገባኝ። ወአለይኩሙ ሰላም። (ስልኩን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል) ኡበይድ።

ኡበይድ፦ አቤት።

ባድሩ፦ «በገዛ አፌ አሚን ካልኩበት በኋላ እንዴት እገዛታለሁ? እፈራለሁ» ይለኛል። ትናንት በዱዓው ላይ ምን ተባለ?

ኡበይድ፦ (መሬት መሬት እያየ) ሼሁ እንደ ወጉ «ሐጃ ያለው፣ ዱዓ የሚደረግለት ጉዳይ ያለው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

ባድሩ፦ እና?

ኡበይድ፦ እኔ ነበረኝ።

ባድሩ፦ እና ተነሳህ።

ኡበይድ፦ ተነሳሁ። ባጃጇን ነገርኳቸው። ሼሁም «ያ ረቢ፣ ይቺን ባጃጅ ከባድሩና ከኡበይድ እጅ አታውጣት» አሉ። አርባው ሰው አሚን አለ።

ባድሩ፦ ዘይኑልአቢዲንም?

ኡበይድ፦ አጠገቤ ነበር፣ እጁን ከሁላችንም ከፍ አድርጎ። ቀጥለው ደግሞ «ሊገዛት ላሰበው ከሷ የተሻለች ስጠው» አሉለት። እዚያ ላይማ ደስ ብሎት ነው ያለው።

ባድሩ፦ አንተ ሰውዬ። ከበሮ መቺው ሌሎቹ ሰግደው እስኪመለሱ ቦታ ይዞላቸው መስሎህ ያዘንከው አንተ ነህ እንደዚህ ያደረግከኝ?

ኡበይድ፦ አሁንም አዝንለታለሁ። ሩብ ሰዓት ሙሉ።

ባድሩ፦ (ብድግ ብሎ) ይሄ ግን አይያዝም። ባጃጇ የኔ ናት። ባለቤቱ በሌለበት ባለቤቱ ያልተስማማበት ዱዓ ተደርጎ ንብረቴ ሊታሰር አይችልም። እኔ አሚን አላልኩም።

ኡበይድ፦ ብለሃል።

ባድሩ፦ የት?

ኡበይድ፦ ጓሮ። ጀነሬተሩ ጋ ቆመህ። አፌ ራሱ አለው አላልከኝም?

(ባድሩ ዞሮ የጓሮውን በር ያያል።)

ኡበይድ፦ አንተ ጀነሬተሩ ጆሮህ ሥር ስለነበር የድምፅህን ልክ አታውቀውም። እኛ ግን በቆርቆሮው ቀዳዳ ጥርት አድርገን ሰማንህ። ሼሁ እንዲያውም «አልሐምዱሊላህ፣ ባለቤቱም ተስማማ» ብለው እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ።

(ባድሩ የባጃጇን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አግዳሚው ላይ ያስቀምጣል። ኡበይድ ቁልፉን አንስቶ ወደ በሩ ይሄዳል።)

ባድሩ፦ ለመሆኑ በጣም ነው የጮኽኩት?

ኡበይድ፦ ወላሂ ባድሩ፣ ያ ዘፋኝ እንኳ እንደሱ አልጮኸም።